ከግንባታ በኋላ መስኮት ማጽዳት፦ ጨርቁ ይቆይ፣ ውሃው ይቅደም

ባለፈው ጥር የእናቴ ቤት ሳሎን እንደ አዲስ ተለሰነ። ቤቱ ጅማ ነው፣ ወደ ጅሬን በሚያስወጣው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ግንበኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ግድግዳው አምሮበት ነበር። መስኮቶቹ ግን ጨርሶ አያሳዩም። መስታወቱ ላይ የደረቀ የሲሚንቶ ጠብታ አለ። የጀሶ ብናኝ አለ። ቀለም ቀቢው ያፈናጠረው ነጭ ነጠብጣብ አለ። ከታች በኩል ደግሞ ቀዩ የጅማ አፈር ድርቅ ብሎ ተለጥፏል።

እናቴ ደረቅ ጨርቅ አንሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጇን ያዝኩት።

«እማዬ፣ ቆዪ!»

«ምን ልቆይ? ነገ እኮ ሰው ይመጣል።»

«በደረቁ አትንኪው። መጀመሪያ ውሃ።»

ይህን ያልኳት ከራሴ ቤት ስለተማርኩ ነው። አዲስ መስታወት ያስገባሁ ሰሞን አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ንጹሕ መሰለኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በጎን ስትገባ ነው ያየሁት። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ጭረት መስታወቱን ሞልቶታል። ዛሬም አለ። ጠብታ ይለቃል፤ ጭረት ግን አይታጠብም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ነገር አንድ ነው፦ ጨርቅ መስታወቱን ከመንካቱ በፊት አሸዋው በውሃ ይውረድ።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

የግንባታ አቧራ እንደ ቤት አቧራ አይደለም። ውስጡ አሸዋ አለበት። የአሸዋ ትልቁ ክፍል ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ይቀመጣል። ተራ የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። ጠንካራው ሌላውን ይጭራል። ደረቅ ጨርቅ አሸዋውን ይዞ ሲሄድ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው ጠላት ሲሚንቶው ራሱ ነው። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ናቸው። የሰው እጅ እንደሚያቃጥሉ ግንበኛ ሁሉ ያውቃል። መስታወትንም ቀስ እያሉ ይበላሉ። አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ይፈጥናሉ፤ የማይለቅ ግራጫ ጠባሳ ይተዋሉ። በዚህ ምክንያት «ሥራው ሁሉ ሲያልቅ አንድ ላይ እናጸዳዋለን» የሚለው ሐሳብ ለአቧራ ይሠራል፣ ለሲሚንቶ ጠብታ አይሠራም። ጠብታው ገና እርጥብ ሳለ አንድ ጣሳ ውሃ ቢደፋበት ነገሩ በደቂቃ ያልቃል። በማግሥቱ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ከወር በኋላ ጨርሶ ላይለቅ ይችላል።

ሥራው ገና ያልተጀመረ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኑት። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ያዙት። ፕላስተሩን ግን ፀሐይ ላይ ለሳምንታት አትተዉት፤ ሙጫው ደርቆ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ቀለም ሊቀባ ሲል ደግሞ መስታወቱን በእርጥብ ሳሙና አሽታችሁ ነጭ ሽፋን እንዲይዝ ተዉት። የሚፈናጠረው ቀለም ሳሙናው ላይ ያርፋል፣ በኋላ አብሮ ይታጠባል።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ሥራው በእርግጥ ማለቁን አረጋግጡ። ሴራሚክ የሚቆረጥ፣ ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፈግ ካለ ማጽዳቱ ከንቱ ድካም ነው። አዲስ ሲሊኮን የተደረገበት መስኮት ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። በስቱኮ የተያዘ መስታወት ከሆነ ስቱኮው ላዩ እስኪደርቅ ድረስ ጠርዙን አጥብቃችሁ አትሹት። በጅማ እርጥበት ደግሞ የሚደርቀው ቀስ ብሎ ነው።

ቀጥሎ ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ እወቁ። አሉሚኒየም፣ ብረት፣ እንጨት ወይስ ፕላስቲክ? ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው። መስታወቱንም እዩት። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ማኅተም ካለበት ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ሊሆን ይችላል። ከውጭ እንደ መስታወት መልክ የሚያሳይ፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ ሪፍሌክቲቭ ነው፤ አንደኛው ገጹ የተቀባ ነው። በሁለቱም ላይ ምላጭ አይነካም።

ዕቃው ውድ አይደለም። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና ውሃ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ሁለት ስፖንጅ። የፕላስቲክ ስፓቱላ። አዲስ ምላጭ ከነመያዣው። ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና። አቼቶ። የጎማ ጠርዝ ያለው የመስታወት መጥረጊያ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ። የሲሚንቶ ብናኝ ሳንባ አይወድም፣ ዓይንም አይወድም። የኖራ ወይም የሲሚንቶ ብናኝ ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ በንጹሕ ውሃ 15 እስከ 20 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ለማድረቂያ እኔ የምመርጠው ያረጀ ነጠላ ነው። ጥበቡን ቆርጣችሁ መሐሉን ብቻ ተጠቀሙ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጠላ ውሃ ይመጥጣል፣ ክር አይጥልም። ሱቅ ከሚሸጠው አዲስ ጨርቅ ይሻላል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ፀሐይ የሚያገኘው መስታወት ላይ የሳሙና ውሃ ሳይጠረግ ይደርቅና መስመር ይሠራል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበዛ ሥራውን በጠዋት ጨርሱት።

መጀመሪያ ቦዩ፣ እሱ ብቻ በደረቁ

ውሃ ይቅደም ብዬ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ይህ ሕግ ይገለበጣል። ተንሸራታች መስኮት የሚሄድበት የታችኛው ቦይ ውስጥ ያልረጠበ የሲሚንቶ ዱቄት ይጠራቀማል። እዚያ ላይ ውሃ ከደፋችሁ ዱቄቱ ይቦካል፣ ቀጥሎም ይጠነክራል። በገዛ እጃችሁ ኮንክሪት ሞላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ከተቻለ ተንሸራታቹን መስኮት ከፍ አድርጋችሁ አውጡት። ሁለት ሰው ይያዘው። ካልወጣ ወደ አንድ ጎን ግፉት። ቦዩን በቀለም ብሩሽ ጥረጉት፣ ከጥግ ወደ መሐል። ዱቄቱን በካርቶን ቁራጭ አፍሱት። ቫኪዩም ያለው ሰው ካለ ደግሞ ተውሱት፣ ሥራው በግማሽ ያጥራል። የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ከማዕዘኖቹ አውጡ። ከዚያ በኋላ ብቻ እርጥብ ስፖንጅ ይግባ።

ፍርግርግ ያለው መስኮት ከሆነ ፍርግርጉንም በዚሁ ብሩሽ አራግፉት። ካልሆነ ያጸዳችሁት መስታወት ላይ ነገ ይራገፋል።

አሁን ውሃው

ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። ውሃው ይፍሰስ እንጂ አይታበስ። የጓሮ ቱቦ ካለ በዝግታ ልቀቁት፤ ከሌለ በጆግ ከመስታወቱ ጫፍ ጀምራችሁ አፍስሱ። ከቤት ውስጥ በኩል ማፍሰስ ስለማይቻል ስፖንጁን በደንብ አርጥባችሁ ሳትጫኑ መስታወቱ ላይ ጨመቅ አድርጉት። ውሃው አሸዋውን ይዞ ይውረድ። ከታች አሮጌ ፎጣ አንጥፉ።

የሚወርደው ውሃ ቀይ ወይም ግራጫ እስካለ ድረስ ቀጥሉ። ሲጠራ ብቻ ወደ ሳሙናው እለፉ። 5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። አረፋ ስለበዛ አይጸዳም፤ የሚበዛው የማለቅለቁ ሥራ ነው። ስፖንጁን በየጊዜው ማለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ ንከሩት። ባልዲው ሥር አሸዋ ከተጠራቀመ ውሃውን ድፉትና ቀይሩት። እዚህ ላይ ውሃ መቆጠብ አያዋጣም። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከመጀመር ሮቶው እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል።

መጀመሪያ ፍሬሙን እጠቡ፣ ከዚያ መስታወቱን። ፍሬሙ የሚያወርደው ቆሻሻ መስታወቱ ላይ ስለሚፈስ ነው።

የማይለቀው ነገር

አሁን መስታወቱ ታጥቧል፣ ግን ጠብታዎቹ አሉ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ስስ ነጭ ዳመና የመሰለ ነገር ከሆነ የኖራና የሲሚንቶ ቅሪት ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ጨርቅ ንከሩና መስታወቱ ላይ ለጥፋችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። አቼቶ አሲድ ስለሆነ የኖራውን አልካሊ ይሰብረዋል። ከዚያ በስፖንጅ ሹና በብዙ ውሃ አለቅልቁ። አሉሚኒየም ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። የመስኮቱ ደፍ እምነበረድ ወይም ቴራዞ ከሆነ ደግሞ አቼቶ ጭራሽ አይንካው። እምነበረድ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ነውና አሲዱ ይበላዋል፣ ድምቀቱ ይጠፋል። ፎጣ አንጥፉበት።

ወፍራም የሲሚንቶ ጠብታ በአቼቶ ብቻ አይለቅም። መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ለጥፋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አርሱት። ከዚያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ከጎኑ ግፉት። ብዙዎቹ ተፈንቅለው ይወድቃሉ። እምቢ ላለው ምላጩ ይመጣል።

ስለ ምላጭ ረጋ ብዬ ልናገር። ብዙ መስታወት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ጠርዙ ላይ ዝገት ወይም ስባሪ ካለ ጣሉት። መስታወቱ በሳሙና ውሃ ተንቦጫቡጮ መርጠብ አለበት። ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ አትያዙት፤ ጋደም ይበል፣ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ ወደ ፊት ብቻ ግፉ። መልሳችሁ አትጎትቱት። ሲጎተት ከሥሩ የገባ የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱን እየጻፈበት ይመለሳል። አንዴ ከገፋችሁ አንሡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ እንደገና ጀምሩ። ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ንጹሕ መስታወት ላይ ምላጭ ሲሄድ ልስልስ ያለ ድምፅ ነው ያለው። «ክርርር» ካለ አቁሙ፤ ከሥሩ አሸዋ አለ። እንደገና ውሃ አፍስሱ።

መጀመሪያ ሁልጊዜ ጥግ ላይ፣ መጋረጃ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ሞክሩት። ምንም ጭረት ካልታየ ወደ መሐል ግቡ።

የቀለም ጠብታ ሁለት ዓይነት ነው። የውሃ ቀለም በሙቅ የሳሙና ውሃ ይለሰልሳል። ሙቅ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ አኑሩበት፣ በጥፍራችሁም ይነሣል። የዘይት ቀለም ግን ቲነር ወይም አኳራጅ ይፈልጋል። ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርጋችሁ ጠብታውን ብቻ ንኩት። ፍሬሙ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ የተቀባ ፍሬም ላይ ቲነር ቀለሙን ያነሣል፣ ፕላስቲክ ፍሬም ደግሞ ያሟሟዋል። መስኮቱ ክፍት ይሁን። ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል ቲነር አይከፈትም። ይህን የምለው አክብዳችሁ እንድታዩት ነው፤ የቲነር ትነት እሳት ይስባል።

የተረፈ ሲሊኮን በምላጭ ከተላጠ በኋላ ቀሪውን በደረቅ ጨርቅ እያሻችሁ አንከባሉት። በቲነር ብዙም አይሟሟም። የፕላስተርና የስቲከር ሙጫ በምግብ ዘይት ይለሰልሳል። ዘይቱን ቀብታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ ጥረጉ፣ በሳሙና እጠቡ። አሉሚኒየም ላይ ፋብሪካው የሚለጥፈው ስስ ላስቲክም ቶሎ ይላጥ። ፀሐይ ካበሰለው እየተበጣጠሰ ያስቸግራል።

ግድግዳው አጠገብ ግራይንደር ወይም ብየዳ ከተሠራ መስታወቱን በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት። ሻካራ ነጠብጣብ ከተሰማችሁ የብረት ፍንጣሪ ቀልጦ ገብቷል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ መስታወቱ ራሱ ተቃጥሏል። በማንኛውም ነገር አይለቅም። ሠራተኛው ሳይሄድና ሒሳብ ሳይዘጋ አሳዩት። ከተከፈለ በኋላ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልከልክል። ለሽንት ቤት ሴራሚክ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድ መስኮት ላይ አትጠቀሙ። «ሲሚንቶ በአንዴ ያወርዳል» ብለው የሚመክሩ አሉ። ያወርዳል፣ አሉሚኒየሙንም አብሮ ይበላል። ብረቱንም በማግሥቱ ዝገት ያለብሰዋል። አሲድም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሰው ይጎዳል።

ፍሬሞቹ

አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃዋል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አይንካው።

የብረት መስኮት ላይ ማየት ያለባችሁ ቆሻሻውን ብቻ አይደለም። ስፓቱላና መሰላል ቀለሙን የት የት እንደላጠው ፈልጉ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። የተላጠ ብረት እዚህ ብዙ አይቆይም። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ በደንብ አድርቁ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡ፣ ከዚያ ዋናውን ቀለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ብትቀቡት ይመረጣል።

የእንጨት ፍሬም ደግሞ ውሃ ይጠላል። የቆዩ የጅማ ቤቶች ላይ፣ በተለይ በፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ጠንካራ የድሮ እንጨት መስኮት አሁንም ይገኛል። ብዙ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ያብጣል፣ አልዘጋ ይላል። አቧራውን በብሩሽ አራግፋችሁ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉት፣ ወዲያው አድርቁት። የሲሚንቶ ጠብታን በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ግፉ፣ አግድም አይሆንም። ቀለም የሌለው እንጨት ከሆነ ሲደርቅ ስስ የተልባ ዘይት ይስጡት። ዘይቱን የጠጣውን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የመጨረሻው ማጠብ

ጅማ ላላችሁ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ዝናቡ። የዝናብ ውሃ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ አይተውም። ቆርቆሮውን የሚያጥበው የመጀመሪያው ውሃ ይሂድ፣ ከዚያ የሚወርደውን ከአሸንዳው በባልዲ ያዙ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከቧንቧ ውሃ ይሻላል።

መስታወቱን በዚህ ውሃ አለቅልቁ። የጎማ መጥረጊያውን ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ሳባችሁ አውርዱት። እያንዳንዱ መስመር የፊተኛውን በትንሹ ይደርብ። በየመሐሉ ጎማውን በጨርቅ ጥረጉት። ጠርዙን በነጠላው አድርቁ። በእጅ የምታደርቁ ከሆነ ከውስጥ አግድም፣ ከውጭ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። መስመር ከቀረ በየት በኩል እንዳለ አቅጣጫው ይነግራችኋል። ጋዜጣ ይሠራል፣ ግን ነጭ ፍሬም ላይ ቀለሙን ይለቃል።

ከውጭ በኩል መሰላል የምታቆሙ ከሆነ የጅማን ቀይ ጭቃ አትመኑት። የፈሰሰው ውሃ መሬቱን አሙለጭላጭ ያደርገዋል። ከመሰላሉ እግር ሥር ሰፊ ጣውላ አድርጉ፣ አንድ ሰው ይያዝ። ፎቅ ከሆነ ደፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ውጭ አትንጠልጠሉ። ሙያው ላለው ሰው ክፈሉ።

ቀዳዳዎቹን አትርሱ

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ከታች ፍሬሙ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ቦዩ ውስጥ የገባ ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። ግንበኛ ሲለስን ሲሚንቶ ይደፍናቸዋል። በበጋ ማንም አያስተውልም። ግንቦት ሰኔ ሲመጣ ቦዩ ይሞላል፣ ውሃው ወደ ሳሎን ይወርዳል፣ አዲሱ ልስን ያብጣል።

በቀጭን ሽቦ በቀስታ ውጉ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ አውጡ። ከዚያ አንድ የቡና ስኒ ውሃ ቦዩ ውስጥ አፍስሱ። ውጭ ሄዳችሁ እዩ። በየቀዳዳው ወዲያው ከፈሰሰ ጨርሳችኋል። ውሃው ቆሞ ከቀረ አንዱ አሁንም ተደፍኗል።

የእናቴ ቤት መስኮት ላይ አራት ቀዳዳ ነበር። ሦስቱ ተደፍነዋል። ሦስተኛውን ሽቦው ሲበሳው እናቴ ውጭ ቆማ ነበር፤ «ይኸው! መጣ፣ መጣ!» ስትል ሰማኋት።

አዲስ ልስን ለሁለት ሳምንት ያህል አቧራ ማራገፉን አያቆምም። ስለዚህ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ተመለሱበት። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ውሃ አፍስሱ፣ ከዚያ ጨርቅ። እንግዲህ የክረምቱ የመጀመሪያ ትልቅ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ ቦዩን ተመልከቱ።